አናሲሞስ ነሲብና ክርስቲያን የሚያሰኘው እምነት

ክርስቲያን የሚባለው ማን ነው? ምን ያመነና ምን የተቀበለ ሰው በዚህ ስም ሊጠራ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዓመት የካርታጎው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ቆጵርያኖስና የሮሙ እስጢፋኖስ፣ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት በወጡ ሰዎች እጅ የተጠመቀ ሰው ሲመለስ እንደ ገና ይጠመቅ ወይስ አይጠመቅ በሚለው ነገር ሳይስማሙ ቀርተዋል። በአገራችንም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ. ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ለተዋሕዶ ወገን እስኪፈርዱ ድረስ፣ በአንድ መቅደስ የሚያገለግሉ ሊቃውንት በቅባትና በጸጋ ትምህርት ምክንያት እርስ በርሳቸው ይወጋገዙ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ዛሬም በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ፣ በያዮና በሁሩሙ ለሚኖሩ ምእመናን ነገሩ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአንድ ቤት እናቲቱ የፍልሰታን ጾም ስትጾም ልጇ ወደ መካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት ይሄዳል። ሰው ሲሞት የት ይቀበር፣ ልጅ ሲዳር በየትኛው ሥርዓት ይዳር በሚለው ነገር ዘመድ ከዘመድ ይጣላል። በዚያን ጊዜ አንዱ ሌላውን፣ አንተ ክርስቲያን አይደለህም፣ ሲለው ይሰማል። ይህ ቃል ከባድ ነው፤ የሚናገረውም ሰው በምን ሚዛን መዝኖ እንደ ተናገረ ሊያውቅ ይገባዋል። ስለዚህ ከዚያው ከኢሉባቦር ምድር ተወልደው፣ በዚሁ ጥያቄ ምክንያት በሊቀ ጳጳስና በንጉሠ ነገሥት ፊት የቀረቡትን የአናሲሞስ ነሲብን ሕይወት ለአንባብያን ልንተርክ ወደድን። እኒህ ሰው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አልነበሩም፤ የተማሩትና ያስተማሩትም የሉተራውያንን ትምህርት ነው። እኛም የምንጽፈው ከቅዱሳን ልንቈጥራቸው አይደለም፤ ከአረማውያን ልንቈጥራቸውም አይደለም። የምንጽፈው በእርሳቸው ላይ የተነሣው ክርክር ለእኛ የሚያስተምረው ነገር ስላለ ነው።

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁሩሙ የምትባል ከተማ አለች። በዚህች ከተማ አቅራቢያ በ1848 ዓ. ም. ገደማ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ስሙም ሒካ ተባለ። ሒካ በኦሮምኛ መፍታትን፣ መተርጐምንም የሚያመለክት ስም ነው። ሕፃኑ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተበት። ቈይቶም ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። ቡናና ማር ከሚበዛበት ደን ተነሥቶ እስከ ቀይ ባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። በመጨረሻ በምጽዋ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቬርነር ሙንዚንገር በ1862 ዓ. ም. ገደማ ነጻ አወጣውና በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ በክርስቲያን ነገሥታት ግዛትም ውስጥ ይካሄድ ነበር። ማዕተብ በአንገቱ ያሰረ፣ ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም ሰው የሌላውን ሰው ልጅ ሲገዛና ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ. ም. ነው። እንግዲህ ክርስቲያን የሚያሰኘው ምንድር ነው ብለን ስንጠይቅ፣ እምነት ያለ ምግባር የሞተ መሆኑን ሐዋርያው ያዕቆብ ማስተማሩን ከመጀመሪያው ልናስብ ይገባናል። ይህ ልጅ ስለ ክርስቲያኖች መጀመሪያ ያወቀው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ሒካ በትምህርቱ ትጉህ ሆነ። በ1864 ዓ. ም. እንደ ምዕራባውያን አቈጣጠር በትንሣኤ በዓል ዕለት ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። ስሙ ያለ ምክንያት የተሰጠ አይመስልም። አናሲሞስ በሐዋርያው ጳውሎስ ዘመን ከጌታው ከፊልሞና ቤት የኰበለለ ባሪያ ነበር፤ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ በወንጌል ወልዶት፣ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም አድርጎ ይቀበለው ዘንድ ለፊልሞና ጽፎለታል። የሁሩሙው ልጅም በዚህ ስም ከባርነት ወደ ልጅነት መሸጋገሩን ሲያስብ ኖረ።

ከዚህ በኋላ አናሲሞስ ወደ ስዊድን አገር ተልከው በዮሐኔሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። ወደ ምጽዋ ተመልሰውም ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን ሴት አገቡ። ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ትውልድ ወገናቸው መመለስና በቋንቋቸው ማስተማር ነበር፤ ዳሩ ግን መንገዱ ተዘግቶባቸው ኖረ። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ምዕራብ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሞከሩ፤ ሳይሳካላቸው ቀርቶ በትኩሳት ታመው ወደ ካርቱም ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ በ1878 ዓ. ም. እስከ እንጦጦ ደርሰው ነበር፤ ከዚያም ወደ ፊት እንዲያልፉ ስላልተፈቀደላቸው ወደ እምኩሉ ለመመለስ ተገደዱ።

በእግር መሄድ ቢከለከሉም በብዕር መሄድን አልተውም። በእምኩሉ ተቀምጠው ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ይተረጕሙ ጀመር። ሐዲስ ኪዳን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1893 በእምኩሉ ታተመ። ብሉይና ሐዲስ በአንድነት ደግሞ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታተመ። በዚህ ሥራ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ብዙ ረድታቸዋለች፤ የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስባ ለመዝገበ ቃላት ያዘጋጀችውም፣ ተረትንና ምሳሌን ለማንበቢያ መጽሐፍ ያከማቸችውም እርስዋ ናት። አናሲሞስ የማርቲን ሉተርን ትንሹን የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍም ወደ ኦሮምኛ መልሰውታል። ይህን መጽሐፍ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና። የተረጐሙት መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል መሆኑም ሊዘነጋ አይገባውም። አባቶቻችን ወንጌልን የጻፉበት ፊደል ለኦሮምኛም ወንጌል አገልግሏል።

በ1896 ዓ. ም. መንገዱ ተከፈተ። አናሲሞስ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ወለጋ ገብተው መጀመሪያ በቦጂ፣ ቀጥሎም በነቀምቴ ተቀመጡ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ቀድሞ ኩምሳ ሞረዳ የሚባሉት፣ በክብር ተቀበሏቸው። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሕዝቡንም በራሱ ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። ሕዝቡ ወንጌል በኦሮምኛ ሲነበብ ሲሰማ እጅግ ተደነቀ፤ ወደ እርሳቸውም ይጐርፍ ጀመር።

የዚያን ጊዜ ካህናትን ሁኔታም በቅን ልቡና ልንመለከት ይገባናል። ወለጋና ኢሉባቦር ወደ ዐፄ ምኒልክ ግዛት ከገቡ ገና ብዙ ዘመን አላለፈም ነበር። ብዙ ሕዝብ በአጭር ጊዜ ተጠምቋል። ካህናቱ ከሰሜንና ከሸዋ የመጡ እንደ መሆናቸው አብዛኞቹ የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ ሕዝቡም ግዕዙን አያውቅም። ስለዚህ አዲሱ ክርስቲያን ክርስትናውን የሚያውቀው በሚታየው ምልክት ነበር፤ ይኸውም በአንገቱ ማዕተብ፣ በጾሙ፣ ክርስቲያን ባረደው ሥጋ፣ በእመቤታችንና በቅዱሳን በዓል ነው። እነዚህ ምልክቶች ቅዱሳን ናቸው፤ ነገር ግን ምሥጢራቸው በሚሰማ ቋንቋ ሳይተረጐም ሲቀር፣ ምልክቱን የማይዝ ሰው ሁሉ የክርስቶስ ጠላት መስሎ ይታያል። አናሲሞስ የቅዱሳንን አማላጅነት አያስተምሩም፣ ጾሙንም እንደ ሥርዓታችን አይጾሙም ነበር። በኦሮምኛ የሚናገሩትን የማይሰሙ ካህናት በዓይናቸው ያዩት ይህን ጕድለት ነው። ከዚህም የተነሣ ጸረ ማርያም የሚል ስም ወጣላቸው።

በግንቦት 1898 ዓ. ም. አናሲሞስ በአዲስ አበባ በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ክሱ እመቤታችንን ሰድበዋል የሚል ነበር። አቡነ ማቴዎስም ከአገር እንዲሰደዱ ፈረዱባቸው። ነገሩ ወደ ዐፄ ምኒልክ በደረሰ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን አሻሻሉት፤ ወደ ነቀምቴ ተመልሰው እንዲኖሩ ፈቀዱ፣ እንዳይሰብኩ ግን ከለከሉ። ዐፄ ምኒልክ ከ28 ዓመት በፊት የሸዋ ንጉሥ ሆነው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተገኝተው ነበር፤ የሃይማኖት ክርክር አገርን እንዴት እንደሚከፍል በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ፍርዳቸው ሰላምን የሚጠብቅ የመንግሥት ፍርድ ነበር። ነገር ግን የመንግሥት ፍርድ ሰው የት እንዲቀመጥና ምን እንዳይናገር ሊወስን ይችላል እንጂ፣ ሰውዬው ክርስቲያን ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሊወስን አይችልም። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። እኛም እስከ ዛሬ የምንጠይቀው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችንን ሚዛን እናውጣ። አባቶቻችን ሕፃኑም ሽማግሌውም ሊያውቀው የሚገባውን እምነት በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ወስነው አስተምረዋል፤ እነርሱም ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቍርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። ቤት በአዕማድ እንደሚቆም እምነትም በእነዚህ ይቆማል። ሰው ሲመዘን መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው በእነዚህ ነው። አናሲሞስ ወደ ኦሮምኛ የመለሱት የሉተራውያን የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ ስላለ፣ ምን እንዳስተማሩ በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ ልንመዝን እንችላለን።

በምሥጢረ ሥላሴ ሉተራውያን አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን አንድ አምላክ ብለው ያምናሉ፤ ሠለስቱ ምእት በኒቅያ በፈረንጅ አቈጣጠር በ325 የወሰኑትን ሃይማኖትም ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ እንደ ምዕራባውያን ሁሉ መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ሠረጸ ይላሉ፤ እኛ ግን ከአብ ሠረጸ እንላለን። በምሥጢረ ሥጋዌ የእግዚአብሔር ልጅ ሥጋን ከድንግል ነሥቶ ፍጹም ሰው መሆኑን ያምናሉ፤ ነገር ግን በፈረንጅ አቈጣጠር በ451 በኬልቄዶን የተወሰነውን የሁለት ባሕርይ ትምህርት ይይዛሉ። እኛ ደግሞ ቅዱስ ቄርሎስንና ቅዱስ ዲዮስቆሮስን ተከትለን በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ እንላለን። በምሥጢረ ጥምቀት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ያጠምቃሉ፤ ሕፃናትንም ያጠምቃሉ። ዳሩ ግን ቅብዓ ሜሮንን እንደ እኛ ከምሥጢራት አይቈጥሩትም። በምሥጢረ ቍርባን የጌታችን ሥጋና ደም በእውነት ለተቀባዩ እንደሚሰጥ ያምናሉ፤ ኅብስቱና ወይኑ ወደ አማናዊው ሥጋና ደም መለወጡን ግን እንደ እኛ አይናገሩም፤ ስለ ክህነትም ትምህርታቸው ከእኛ ይለያል። በትንሣኤ ሙታን በኩል ጌታችን በክብር መጥቶ በሕያዋንና በሙታን እንዲፈርድ፣ ሙታንም እንዲነሡ ያምናሉ።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። በእምነት ከእነርሱ የሚለየን ትልቁ ነገር መንፈስ ቅዱስ ስለ መሥረጹ፣ ስለ ተዋሕዶ፣ ስለ ቍርባንና ስለ ክህነት ነው። በነቀምቴና በአዲስ አበባ የተከሰሱበት ነገር ግን ይህ አልነበረም። የተከሰሱበትና የሚለየን ነገር አንድ አልሆነም። በአዕማዱ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሰው በስድብ ክስ ተጠየቁ። ስለዚህ ሕዝቡ ከዚያ ክርክር የተማረው ተዋሕዶ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይሆን፣ ማን ማንን እንደ ሰደበ ብቻ ነው። ይህም ለእኛ ወገን ትልቅ ጕዳት ነበር፤ የምናስተምርበትን አጋጣሚ በክስ አሳለፍነውና።

ነገር ግን እመቤታችንን ማክበር ከእምነት ውጭ የሆነ ትርፍ ነገር ነው የሚል ቢኖር እርሱም ይሳሳታል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ431 በኤፌሶን የተሰበሰቡ አባቶች ንስጥሮስን ያወገዙት ወላዲተ አምላክ ማለትን እምቢ ስላለ ነው። እርስዋ ወላዲተ አምላክ ካልተባለች ከእርስዋ የተወለደው አምላክ አይደለም ወደሚል ክሕደት ይደርሳልና። ስለዚህ የነቀምቴ ካህናት የእመቤታችንን ክብር የሃይማኖት መፈተኛ አድርገው መያዛቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። የጐደለው ይህን መሠረት በሚሰማ ቋንቋ ማስረዳቱ ነው። የሉተራውያን የሃይማኖት መጻሕፍት እመቤታችንን የአምላክ እናት ይሏታል፤ የማይቀበሉት የእርስዋንና የቅዱሳንን አማላጅነት መለመንን ነው። ወላዲተ አምላክ አይደለችም በሚለውና አማላጅነቷን በማይለምነው መካከል ያለውን ልዩነት ሊቃውንት ያውቁታል። ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ይለያሉ፤ ልዩነታቸው ግን አንድ ያህል አይደለም። የመጀመሪያው ምሥጢረ ሥጋዌን ያፈርሳል፤ ሁለተኛው ከምሥጢሩ የሚፈልቀውን በረከት ያሳጣል። በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ቅጣት መቅጣት ፍርድን ያዛባል።

አናሲሞስ ከፍርዱ በኋላ ወደ ነቀምቴ ተመልሰው በትምህርት ቤታቸው ልጆችን እያስተማሩ ኖሩ። በ1908 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ. ም. ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። አናሲሞስም መጻሕፍቶቻቸውን እያደሉና እያስተማሩ እስከ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ. ም. ቆይተው በነቀምቴ ዐረፉ። በሕፃንነታቸው ከተነጠቁበት ከሁሩሙ ምድር የተረጐሟቸው መጻሕፍት ደርሰዋል፤ ኦሮምኛን በጽሑፍ ቋንቋነት ካቆሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እርሳቸው መሆናቸውን ወዳጅም ባላጋራም ይመሰክራል።

በዚሁ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችንም በኢሉባቦር ምስክር አላጣችም። በ1921 ዓ. ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት አቡነ ሚካኤል በጎሬ ተቀመጡ። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ሕዝቡን ለጠላት እንዲገዛ አላዘዙም፤ ስለዚህ በ1929 ዓ. ም. በጎሬ በሰማዕትነት ዐለፉ። ከሁሩሙ ወደ መቱ፣ ከመቱም ወደ ጎሬ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ሁለቱን ታሪክ ያገኛል፤ እምነቱን በደሙ ያተመውን ጳጳስና ወንጌልን ወደ ወገኖቹ ቋንቋ የመለሰውን የባርነት ልጅ። በ1951 ዓ. ም. ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ዓመት ሆነ፤ በጥር ወር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋቋመች፣ በሰኔ ወር ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በመቱና በአካባቢዋ ከተሞች ሁለቱ ወገኖች ጐን ለጐን ይኖራሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ስለ ሌላው እምነት ከመፍረዳችን በፊት በአምስቱ አዕማድ እንጠይቅ። ሥላሴን የማያምን፣ የወልድን አምላክነት የሚክድ፣ ትንሣኤ ሙታንን የሚሽር ሰው ከክርስትና መሠረት የወጣ ነው፤ ይህን ለመናገር ማፈር አይገባንም። መሠረቱን ይዞ በሕንጻው ከእኛ የተለየ ሰው ግን ከአንድነታችን ውጭ ነው ይባላል እንጂ ከአረማዊ ጋር አይቈጠርም። ቤተ ክርስቲያናችን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1948 የተመሠረተው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አባል መሆንዋም የእምነት አንድነት ሳይኖር በክርስቲያን ስም መነጋገር እንደሚቻል ያሳያል። ወደ እኛ የሚመለሰውን ሰው በምን ሥርዓት እንቀበለው የሚለው የቅዱስ ሲኖዶስና የሊቃውንት ፈንታ ነው፤ በየሠፈሩ የምንፈርደው ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከእኛ የተለየውን ስንወድ ልዩነቱን አንሸፍን። በመቱ ከተማ በለቅሶ ቤት ከጎረቤታችን ጋር ስናለቅስ፣ በሠርግ ቤት ስንደሰት፣ ስለ ቍርባንና ስለ ክህነት ያለንን እምነት መተው አይጠበቅብንም። ፍቅር የሃይማኖት መለወጫ አይደለም፤ ስድብም የሃይማኖት መጠበቂያ አይደለም። ጸረ ማርያም ብሎ የሰደበ ሰው አንድንም ነፍስ ወደ ወላዲተ አምላክ ክብር አላቀረበም።

ሦስተኛ፣ ካህናት ሆይ፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ አስተምሩ። የአናሲሞስ ነሲብ ታሪክ ለእኛ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው በዚህ ነው፤ አንድ የሁሩሙ ልጅ ወንጌልን በእናቱ ቋንቋ ለመስማት በባርነት እስከ ባሕር ዳር መወሰድ፣ ከዚያም እስከ ስዊድን መሻገር ነበረበት። ዛሬ ቅዳሴያችን በኦሮምኛ በሚሰማባቸው አጥቢያዎች ምእመናን የተዋሕዶን ምሥጢር በልባቸው ቋንቋ ይማራሉ። በሌሎቹም እንዲሁ ሊሆን ይገባል። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በኦሮምኛ አጥርቶ የተማረ ልጅ፣ ለምን ኦርቶዶክሳዊ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ማዕተቡን ብቻ አያሳይም፤ የማዕተቡንም ምሥጢር ይናገራል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንን የመሠረተ አምላክ የተለዩትን ወደ አንድነት ይሰብስብልን፤ እኛንም በአዕማደ ምሥጢር አጽንቶ በፍቅር ይጠብቀን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።